የጅማ ልጆች፣ የእማዬን ስም በየትኛው «ሰ» ልጻፈው?

የጸሐፊዋ ልጅ
እሑድ፣ ማታ 2፡10

እንደምን አመሻችሁ የጅማ ልጆች። ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እማዬ ባለፈው ወር አርፋለች። እናንተ «እትዬ ማህተም» የምትሏት፣ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ። ለቅሶ ለደረሳችሁም፣ ከሩቅ ለደወላችሁም እግዜር ይስጥልን። የእድሩ ሰዎች፣ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን፣ የድሮ መምህራን፣ ማንም ብቻችንን አልተወንም። ሠልስት እስኪወጣ ጀበናው ከእሳት አልወረደም።

የመጣሁት ግን ለምስጋና ብቻ አይደለም። ልጠይቃችሁ ነው።

አርባዋ ደርሷል። ለመቃብሯ ድንጋይ አዘናል። ጠራቢው «ስሟን በወረቀት ጽፋችሁ ላኩልኝ» አለ። እዚህ ላይ ከወንድሜ ጋር ተጣላን። እሱ የላከለት በእሳቱ ሰ ነው፤ መታወቂያዋም የጡረታ ወረቀቷም ላይ እንደዚያ ስለሆነ። እኔ በንጉሡ ሠ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። (ስሟን ሙሉውን እዚህ አልጽፈውም፤ የምታውቋት ታውቁታላችሁ።)

«ድምፁ አንድ አይደል እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ወንድሜም ያለው ይህንኑ ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ረስቶት ነው። ይህቺ ሴት የሰው ስም በተሳሳተ ፊደል ከምትጽፍ ምሳዋን ትታ ብትውል የምትመርጥ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1969 ስትቀጠር የቅጥር ደብዳቤዋ ላይ ስሟ በንጉሡ ሠ ነው። በኋላ አንድ ሰው አንድ ቅጽ ላይ በእሳቱ ጻፈው። እሷ አላየችም። የሰው ፋይል ስታገላብጥ የራሷን መች አየች። በ2007 ጡረታ ስትወጣ ወረቀቱን የመረመረው ክፍል «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» አላት። ስምንት ወር ያለ ጡረታ ተቀመጠች። ተመላለሰች፣ ምስክር አቀረበች፣ አመለከተች። «ለሻይ ትንሽ ነገር ጣል አድርጊላቸው፣ ያልቃል» ያሏት ነበሩ። እምቢ አለች። በመጨረሻ ጉልበቷ አለቀና «ሁሉም በእሳቱ ይሁን» ብላ ፈረመች።

ያን ዕለት ቤት ገብታ ቡና አፈላች። ቶናው ላይ ስትደርስ «እንግዲህ በሰው ስም ልሞት ነው» አለች። እኛ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

እና ምን ትላላችሁ? የቢሮዋን ነገር እኔ የማውቀው በጥቂቱ ነው። እኔ ጋ የምትደርሰው ማታ ደክሟት ነው። እዚያ ምን እንደነበረች እናንተ ንገሩኝ።

---

ቦሳ ቂጦ
እሑድ፣ ማታ 2፡48

ነፍስ ይማር። አላመንኩም። ባለፈው ዓመት ሒርማታ ገበያ አግኝቻቸው አልነበር እንዴ? ሐሙስ ነው። ጎዳሬ ሲገዙ። «አንተ፣ የአያትህ ስም በዓይኑ ዐ የሆነው!» ብለው ጠሩኝ። የራሴን ስም ረስተዋል፤ የአያቴን ፊደል አልረሱም።

የምዝገባ ቀን ትዝ ይለኛል። መስከረም ነው። የጅማ መስከረም መቼ ክረምቱን ይለቃል? ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መነጋገር አይቻልም። ሰልፉ እስከ ባንዲራው ድረስ ነው። ተራዬ ደረሰ። «የአባትህ ስም በሐመሩ ነው በሃሌታው?» አሉኝ። ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ የገጠር ልጅ ነኝ፤ ሐመር ምን እንደሆነ አላውቅም። ዝም አልኩ። «ሂድ አባትህን ጠይቀህ ና» ብለው ከሰልፍ አወጡኝ።

ሰርቦ ድረስ ተመልሼ አባቴን ጠየቅኩት። አባቴ አይጽፍም፣ አያነብም። «ደስ ባላቸው ይጻፉት» አለ። በማግስቱ ያንን ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ደስ ባለን አይጻፍም የሰው ስም» አሉና ቁጭ አድርገው ስሙ ከየት እንደመጣ፣ ሼሁ ቁርአን ላይ እንዴት እንደሚጠሩት ጠየቁኝ። ከዚያ በሐመሩ ጻፉት። ዛሬም በሐመሩ ነው። የልጆቼም።

ድምፄ፦ ንጉሡ ሠ።

---

መንደራ
እሑድ፣ ማታ 3፡05

አላህ ይዘንላቸው። እኛ በኦሮምኛ «አደ» ነበር የምንላቸው። በእኛ ክፍል ብቻ መሐመድ የሚባሉ ስድስት ነበርን። መሐመድ አለ፣ መሀመድ አለ፣ ሙሐመድ አለ፣ ሙሀመድ አለ። አራቱንም ሳያምታቱ በፊደላችን ይጠሩን ነበር። መምህራኑ «ረጅሙ»፣ «ጥቁሩ» ሲሉን እሳቸው «ባለ ሙ በሐመሩ» ይሉኛል። እስካሁን የድሮ ጓደኞቼ ስልካቸው ላይ «ባለ ሙ» ብለው ነው የመዘገቡኝ።

---

ከሚኒሶታ
እሑድ፣ ማታ 4፡30

እዚህ ቀን ነው፣ ሥራ ቦታ ተደብቄ ነው የምጽፈው። እንባዬ መጣ።

የኔ ስም በ«ጫ» ይጀምራል። በ1984 የክልሉ ሥራ በኦሮምኛ፣ ጽሑፉም በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ሲሆን ታስታውሳላችሁ? በቁቤ «ጨ» የሚጻፈው በ«ሲ» ነው። ስለዚህ በአማርኛው ፋይሌ በጫ፣ በቁቤው በሲ፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ «ሲ ኤች» ሆንኩ። አንድ ሰው ሦስት ስም። የማትሪክ ፎርም ስንሞላ እኔ ደስ ያለኝን ልጽፍ ነበር። እትዬ አስቆሙኝ። «ውጭ አገር ብትሄድ በሲ የጻፍከውን 'ካ' ብለው ነው የሚጠሩህ። አስብበት» አሉኝ። ሳቅኩ። ማን ውጭ አገር ይሄዳል ብዬ። አባቴ በሶኮሩ መንገድ ቡና ለቃሚ ነው።

አሰብኩበት። በ«ሲ ኤች» ሞላሁት። እንዳይጣላብኝ ደግሞ ሦስቱም አጻጻፍ የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፈው፣ ርዕሰ መምህሩን አስፈርመው፣ ማህተም አድርገው ሰጡኝ። ሳልጠይቃቸው! ያ ደብዳቤ ኤምባሲ ገብቷል፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ የዜግነት ማመልከቻዬ ውስጥ ገብቷል። የአክስቴ ልጅ በሲ የሞላው እዚህ አጠገቤ ይሠራል። አለቃችን ከመጣ ጀምሮ «ካላ» ነው የሚለው። ለምዶታል፤ ይዞራል።

---

ጡረተኛው መምህር
ሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ እንግዲህ ከእናትሽ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሠርቻለሁ። ስልክ ላይ መጻፍ ያደክመኛል። ግን ጠይቀሻልና ልጻፍ።

የእናትሽ ቢሮ ከርዕሰ መምህሩ በር ፊት ያለችው ጠባብ ክፍል ነች። ርዕሰ መምህራን ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ስንቱን አሳልፋለች! አዲስ የተሾመ ሁሉ መጀመሪያ ሳምንት ያዛታል፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ «እትዬ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነበር የሚደረገው?» ይላል።

የዛሬ ልጆች የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ምን እንደሆነ አታውቁም። አንዱን ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለቴ መምታት አለብሽ። መጀመሪያ ግንዱን፣ ከዚያ እግሩን ወይም ቀለበቱን። ትንሽ ከተንሸራተተ ቀለበቱ ከፊደሉ ውጭ ይንጠለጠላል። እናትሽ የምትጽፈው ላይ የተንጠለጠለ አላየሁም። ፈተና ደግሞ በስቴንስል፣ በሰም በተቀባው የማባዣ ወረቀት ነው። ስቴንስል ላይ ከሳትሽ ማረሚያ ቀለም ቀብተሽ፣ እፍ ብለሽ፣ እስኪደርቅ ጠብቀሽ ነው። ያ ቀለም ሽታው ራስ ያዞራል። የሰባት መምህር ፈተና በአንድ ሳምንት! የእኛ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ የዶሮ ጭረት ነበር። የፊዚክሱን ጽሑፍ ከራሱ ይልቅ እሷ ታነበው ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። እዚህ የተጻፈው ሁሉ ስለ ፊደል ነው። የጅማ ስም ችግሩ ፊደል ብቻ አይደለም። የዚህ አገር ወንድ የፈረስ ስም አለው። የጅማ ንጉሥ ራሱ አባ ጅፋር የተባለው በፈረሱ ስም ነው፤ ጅሬን ያለውን ቤተ መንግሥት የምናውቀውም በዚያው ስም ነው። በገጠሩ አባትየው በሰፈሩ አባ እገሌ ነው። ልጁ ሲመዘገብ አንዳንዱ አባ ብሎ ይመጣል፣ ሌላው ቤት ያወጡለትን ስም ይዞ ይመጣል። ወንድማማቾች በሁለት የአባት ስም ይመዘገባሉ። ከዚያ አንዱ ሲሞት ውርስ ይመጣና ፍርድ ቤት «ወንድማማች መሆናችሁን አስረዱ» ይላል። ሰው ወደ ማን ይሮጣል? ወደ እናትሽ። ሮስተሩን፣ የተማሪውን መዝገብ፣ ከመደርደሪያ አውርዳ፣ አቧራውን አራግፋ፣ ገጹን ሳትፈልግ ትከፍተዋለች። በብዙ ገጽ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የጻፈቻት ማስታወሻ አለች። «አባቱ በሰፈር አባ እገሌ ይባላሉ።» ማንም አላዘዛትም።

የእርሳሱ ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ጥቅምትና ኅዳር ቡና ሲደርስ ግማሹ ክፍል ባዶ ይሆናል። ልጁ ለቀማ ወርዷል። ደንቡ ከዚህ ቀን በላይ የቀረ «አቋርጧል» ተብሎ ይሰረዝ ነው የሚለው። እሷ በእርሳስ ትጽፈዋለች። ልጁ በታኅሣሥ እጁ ጠቁሮ ሲመጣ በላጲስ ታጠፋዋለች። በ1994 የቡና ዋጋ ወድቆ ሰው ሁሉ ሲደኸይ ያ ሮስተር በእርሳስ ብቻ የተሞላ ይመስል ነበር።

ፊደሉን በተመለከተ የምለው አለኝ። መነጽሬን ፈልጌ እመለሳለሁ።

---

ስቴንስል ሌባ
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡02

ጋሼ፣ ስቴንስል ሲሉ ሳቄ መጣ። እኛ የ80ዎቹ ልጆች ከቢሮው ጀርባ ያለችውን የቆሻሻ ጉድጓድ አሳምረን እናውቃታለን። ያገለገለ ስቴንስል ከተገኘ ወደ ፀሐይ ይያዛል፣ ጥያቄው ሁሉ ይነበባል። እትዬ ማህተም ግን ራሳቸው ናቸው የሚያቃጥሉት። ቆመው፣ በእንጨት እያገላበጡ።

አንድ ቀን ዝናብ መጣና እሳቱ ጠፋ። ግማሹ ያልተቃጠለ አገኘን። ኬሚስትሪ ነው ብለን አንድ ሌሊት ሙሉ በኩራዝ ስናነበው አደርን። ቀለሙ የተገለበጠ ስለሆነ ፊደሉ አይገባም። ሊነጋ ሲል ገባን። «ለተማሪ ወላጆች በሙሉ፦ ስብሰባ ስለመጥራት» ይላል። ጓደኛዬ «ይሄም ፈተና ነው፣ አባቴ ከመጣ» አለ።

---

ስሜ ይቅር
ሰኞ፣ ቀን 8፡15

ሰው ሲሞት ሁሉም መልአክ ይሆናል። ነፍሳቸውን ይማር፣ ግን እኔም የምለው አለኝ።

በ1991 ነው። አንድ ጥሩ ሥራ ወጣ። ዕድሜ ከ25 ያልበለጠ ይላል። በትምህርት ቤቱ መዝገብ 26 ሆንኩ። ያ ዕድሜ ከየት መጣ? አባቴ ሲያስመዘግበኝ «ጣልያን ከወጣ ስንት ዓመት፣ አጎቱ ከሞተ ስንት ዓመት» ብሎ በግምት የተናገረው ነው። ሁለት ዓመት ቀንሰው እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። «ከመዝገቡ የተለየ አልጽፍም» አሉ። ሽማግሌ ላክሁ። እምቢ። ይባስ ብለው ጥያቄዬን ያለመቀበላቸውን በደብዳቤ ጽፈው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ማህተም አድርገው አስረከቡኝ። ሌላው ገባበት። እኔ እስከ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ነኝ።

መምህሩ በእርሳስ ጻፉ ሲሉ አነበብኩ። ለቡና ለቃሚው በእርሳስ፣ ለእኔ በብዕር? መጀመሪያም ግምት ነበር። ግምትን በግምት ቢቀይሩት ምን ይጎድላል?

---

አጂፕ
ሰኞ፣ ቀን 8፡31

አንተ ሰውዬ ታፍራለህ? አርባዋ እንኳ ሳይወጣ? ፎርጅድ አልሠራልህም ብላ ነው የምትወቅሳት?

---

አወያይ
ሰኞ፣ ቀን 8፡50

አጂፕ፣ ረጋ። «ስሜ ይቅር» የተሰማውን በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፈው። ክሩን አልዘጋም። ስድብ የሚጽፍ ካለ ግን አነሳለሁ።

---

የጸሐፊዋ ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 1፡40

ሁላችሁንም አነበብኩ። አንዳንዱን ሁለቴ። ለወንድሜም አነበብኩለት። ስለ ወላጅ ስብሰባው ስቴንስል ሳቀ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ስሜ ይቅር፣ አንተን አልቆጣም። እኔም እኮ ከእሷ ጋር ተጣልቻለሁ። የተማርኩት እዚያው ነው፤ የጸሐፊ ልጅ መሆን ምን እንደሆነ ላውራ? ከሰልፍ መጨረሻ መቆም ነው። ትራንስክሪፕት ለማውጣት ልጇ ሆኜ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። «ከአንቺ በፊት የመጡ አሉ» ትላለች። ማታ ቤት እራት ስታቀርብልኝ ወረቀቱን ስጪኝ ብላት «ቢሮ ነው» ትላለች። አኩርፌ ሳልበላ የተኛሁበት ቀን አለ።

ቤት ደግሞ ሌላ ሰው ነበረች። አባታችን ቀድሞ ነው ያረፈው። ሦስት ልጅ በአንድ የጸሐፊ ደመወዝ አያድግም። ስለዚህ ማታ ማታ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪዎችን ጥናት በገጽ ትጽፍ ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው። እኔ አንባቢዋ ነበርኩ። አምስተኛ ክፍል ሆኜ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ፊደል በፊደል እጠራላታለሁ። የብልሃርዚያን የላቲን ስም እስካሁን ሳልሳሳት እጽፈዋለሁ። የጎረቤታችንን ስም በእንግሊዝኛ መጻፍ ከመቻሌ በፊት ማለት ነው። እንቅልፍ ሲያንጎላጅጀኝ አንድ ማንኪያ ማር ታቀምሰኛለች። «ለአንባቢ የሚከፈል ነው» ትላለች። አንድ ማንኪያ በሁለት ገጽ። ተደራድሬ በአንድ ገጽ ተኩል አድርሻታለሁ።

ስለ ማር ካነሳሁ። ስሜ ይቅር፣ በዚያ ዘመን ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው ነበር። የአንተ ይሁኑ የሌላ አላውቅም። አንድ ገንቦ የጌራ ማር ይዘው ነበር። ሲሄዱ ተከትላ ገንቦውን በር ላይ መለሰችላቸው። እኛ ልጆች አለቀስን፤ ለማሩ። ያን ሌሊት ግን አልተኛችም። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በጨለማ ተቀምጣ አገኘኋት። ምን ሆነሽ አልኳት። «የሰው ልጅ መንገድ ላይ ቆሜ ይሆን?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ልጅ ነበርኩ። አሁንም ቢሆን የለኝም። ስለ እርሳሱ ያልከውን ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ እውነት አለህ ብዬም አውቃለሁ። ዕድሜ ላይ እምቢ ያለችው ሴት ቀሪ ላይ እሺ ማለቷ ለምን እንደሆነ ብትኖር እጠይቃት ነበር።

---

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ
ሰኞ፣ ማታ 3፡15

ልብ የሚነካ ነው፤ ግን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ወንድምሽ ልክ ነው። ነገ የቤት ስም ማዛወር ይመጣል፣ ውርስ ይመጣል። ሁሉም ወረቀት አንድ ዓይነት ቢሆን ይሻላል።

---

መንደራ
ሰኞ፣ ማታ 3፡22

ወንድሜ፣ መቃብር ድንጋይ ላይ ማን መታወቂያ ይጠይቃል?

---

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ
ሰኞ፣ ማታ 3፡25

ጡረታ ላይ የጠየቀ ድንጋይ ላይም አይጠይቅም አትበል። 😀

---

ከፈረንጅ አራዳ
ሰኞ፣ ማታ 3፡51

እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ያስተማርኳቸው ነኝ። በ1998 አካባቢ ቢሮው አዲስ ኮምፒውተር ገባ፣ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ተጫነ። እኔ ልጅ እግር፣ እሳቸው ጡረታ ሊወጡ አሥር ዓመት ያልቀራቸው። ጣታቸው የለመደው የመኪናውን ነው። ቁልፉን እንደ መኪና ይደበድቡታል! ሁለት ኪቦርድ ሰብረዋል።

በአንድ ወር አለፉኝ። አንድ ቀን ግን ጠርተው አስደነገጡኝ። የጻፉትን ደብዳቤ ወረዳው ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት ሁሉም የማይነበብ ምልክት ሆኗል። ፎንቱ እዚያ ስለሌለ ነው ብዬ አስረዳሁ። «እዚህ የጻፍኩት ስም እዚያ ሌላ ከሆነ ይሄ መኪና ምን ይሠራል?» አሉ። ከዚያ ወዲህ የሰው ስም ያለበት ወረቀት በፍላሽ አይልኩም። አትመው፣ በእጃቸው ፈትሸው፣ በፖስታ ነው። አጉል ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። ዩኒኮድ መጥቶ የድሮ ፋይሎቻችን ሁሉ ሲበላሹ የእሳቸው ወረቀቶች ብቻ ናቸው የተረፉት።

---

ጡረተኛው መምህር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡05

መነጽሬ ተገኘ። አልጋ ሥር ነበር።

ልጄ፣ እናንተ የምትከራከሩበትን እናትሽ ራሷ ጽፋ አስቀምጣዋለች። የድሮ ደብዳቤ ያላችሁ ሁሉ አውጡ። ግርጌው ላይ፣ በግራ በኩል፣ «ግልባጭ» ከሚለው ዝቅ ብሎ ትንንሽ ፊደሎች አሉ። በእዝባር (/) የተከፈሉ። ከእዝባሩ በፊት ያለው የፈራሚው ስም መነሻ ነው። ከእዝባሩ በኋላ ያለው የጻፈው ሰው ነው። ደብዳቤው ስህተት ቢኖርበት ማን እንደጻፈው እንዲታወቅ የሚደረግ ነው። ማንም አያነበውም። እሷ ግን አንድም ቀን ሳታደርገው ወረቀት ከቢሮዋ አልወጣም።

እኔ የ1978 የዝውውር ደብዳቤዬን አወጣሁ። ከእዝባሩ በኋላ ንጉሡ ሠ ነው። የ1986ቱንም አየሁ። ሠ።

---

ቦሳ ቂጦ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

ሚስቴ ሳጥኑን ገልብጣ መሸኛዬን አገኘች። 1988። ሠ! ይህን ያህል ዓመት ይዤው አላየሁትም።

---

ከሚኒሶታ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡55

እዚህ ሌሊት ነው፣ ከአልጋ ወረድኩ። ያ የሦስት ስም ደብዳቤ። ሁለተኛው ቅጂ በፕላስቲክ ታሽጎ አለ። ሠ። ኤምባሲው ያላየው ፊደል።

---

መንደራ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡10

የእህቴ፣ 1999፣ በኮምፒውተር የተጻፈ። ሠ። የእኔ ግን ፎቶኮፒ ስለሆነ ግርጌው ተቆርጧል። ጥፋቱ የፎቶኮፒ ቤቱ ነው።

---

ስቴንስል ሌባ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡33

የኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። አባቴ እስከ ዛሬ አስቀምጦታል! «በተደጋጋሚ ከቢሮ ጀርባ በመገኘቱ» ይላል። ሠ።

---

ስሜ ይቅር
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡20

እኔም ያቺን እምቢታ አልቀደድኳትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሱቁ ውስጥ ከንግድ ፈቃዱ ጀርባ ነበረች። አወጣኋት። ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ የአያቴ ስም፣ አንድ ነጥብ አልተዛነፈም።

በንጉሡ ነው።

---

የጸሐፊዋ ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡00

ወንድሜ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሲያይ አመሸ። የስሜ ይቅር ደብዳቤ ላይ ሲደርስ ስልኩን አስቀምጦ ወጣ። ሲመለስ «ለጠራቢው ደውይለት» አለኝ።

ደወልኩ። ድንጋዩ ገና አልተነካም። ጠራቢው ወጣት ነው፤ «እትዬ፣ ንጉሡ የትኛው ነው? ይሄ እንደ ዳብልዩ ያለው?» አለኝ። አዎ አልኩት። በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ልኬለታለሁ። ነገ ጠዋት ሲጀምር አጠገቡ ልቆም ነው።

አርባዋ እሑድ ነው። ጅማ ያላችሁ ኑ። ስሜ ይቅር፣ አንተም።